ስሙን ሳንጠይቅ የምንቆርጠው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ደሞዝም አይደለም፤ እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ስለ አንድ ሐረግ ነው። አዎ፣ አጥር ላይ ስለሚንጠላጠል ሐረግ። ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ ደግሞ የቤት ሥራ አለ። መምህር አይደለሁ?

ባሕር ዳር ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ እጣቢ የሚደፋበት አንድ ጥግ አለ። ማንም እዚያ አይቆምም። አምና ክረምት ከዚያ ጥግ አንድ ቀጭን ሐረግ ብቅ አለ። ማን እንደዘራው አይታወቅም። ምናልባት ከእኔ በፊት የነበረ ተከራይ የጣለው ፍሬ ይሆናል፣ ምናልባት ወፍ ይሆናል። ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ክረምት ግን ጉዱ ወጣ። የቆርቆሮውን አጥር አልብሶት፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ይዞ፣ ወደ ጎረቤት ሊሻገር ደረሰ።

ጳጉሜ ላይ አከራዬ ጠሩኝ። "መምህር፣ ዘመን ሳይለወጥ ያንን ጫካ አንሳልኝ። እባብ ይደበቅበታል" አሉኝ። እማማ ትልቅ ሰው ናቸው፤ "እሺ እማማ" ብዬ በማግስቱ በጠዋት ማጭድ ይዤ ወጣሁ። ግማሹን ያህል ቆርጬ ጥዬ ሳበቃ፣ ከቅጠሉ ሥር አንድ አበባ አየሁ።

እንዴት ልግለጸው? ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ስቆጥራቸው ዐሥር ናቸው። በእነሱ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ ያለ ክር ክብ ሆኖ ተዘርግቷል። ክሩ ሥሩ ሐምራዊ፣ ጫፉ ነጭ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ምሰሶ ቆማለች። ምሰሶዋ ላይ አምስት መዶሻ የሚመስሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ ሦስት ሚስማር መሳይ። ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነገር ነው የሚመስለው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"እማማ፣ ይሄ ምንድነው ስሙ?" አልኳቸው።

"ሐረግ ነዋ!" አሉኝ።

ጎረቤት ጠየቅኩ፤ "ሐረግ"። ትምህርት ቤት ሄጄ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኩ፤ አንዱ "የዱባ ዘር ይሆናል" አለኝ፣ ሌላው "አረም ነው ባክህ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ራሴ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ዲፕሎማዬም በቋንቋ ነው፤ ስለ ዕፅዋት ከማንም የተሻለ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስሙን የማላውቀውን ነገር ግማሹን ቆርጬ ጥያለሁ። ለምን? ምክንያቱም ስሙን አላውቅማ!

ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። መጀመሪያ የመለሰችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷ አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ነው የምትኖረው። "ውይ ወንድሜ! ይሄ እኮ የእኔም ግቢ ውስጥ አለ!" ብላ ድምፅ ላከችልኝ። ከዚያ የእሷን ፎቶ ላከች። ወንድምና እህት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የእሷ አበባ ከእኔው ይልቅ ወደ ሐምራዊነት ያደላል። ዘርፉ፣ ምሰሶው፣ ሦስቱ ሚስማር ግን ያው ነው።

የእሷን ታሪክ ስሙ። ናሽቪል ቤት የተከራየች ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ከሣሩ መሐል ቀጫጭን ሐረጎች ብቅ ብቅ አሉ። ማንም አልተከላቸውም። ባሏ ከሣሩ ጋር አብሮ አጨዳቸው። ከሳምንታት በኋላ እንደገና በቀሉ። እንደገና አጨዳቸው። ክረምት መጣ፣ በረዶ ጣለ፣ ሁሉም ነገር ሞተ። በዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ከሥራቸው እንደገና ወጡ፤ ያውም በዝተው። እዚያ ይሄ ተክል ከመሬት በላይ ያለው አካሉ በብርድ ይሞታል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች እየተሳበ ይኖራል። "ይሄ ሐረግ ሊያባርረን ነው" ብላ እህቴ መድኃኒት ልትረጭበት ስትል፣ አንዲት ጎረቤቷ አሮጊት አሜሪካዊት በአጥሩ በኩል አይተዋት ተጣሩ። "ልጄ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ይሄ እኮ የግዛታችን አበባ ነው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1919 (በፈረንጆቹ) የቴነሲ ምክር ቤት የግዛቱን አበባ የትምህርት ቤት ልጆች ይምረጡ ብሎ ወሰነ። ልጆቹ ድምፅ ሰጡ፤ ይሄንን የዱር ሐረግ መረጡ። በ1933 ትልልቆቹ ሰዎች ሌላ አበባ፣ አይሪስ የሚባለውን፣ የግዛቱ አበባ ብለው አወጁ። የልጆቹን ምርጫ ግን በግልጽ አልሻሩትም። ግዛቲቱ 40 ዓመት ሙሉ ሁለት አበባ ይዛ ስትከራከር ከረመች። በመጨረሻ በ1973 "አይሪስ የሚተከለው አበባችን ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የዱር አበባችን ነው" ተብሎ ታረቀ። እኔን ያስገረመኝ ፖለቲካው አይደለም። ልጆቹ ናቸው። ድምፅ ሲሰጡ የመረጡት ከአበባ መሸጫ የመጣውን አይደለም፤ በየአጥሩ ጥግ ሳይተከል የሚበቅለውን ነው። ለመምረጥ ደግሞ ማወቅ አለባቸው። ስሙን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

እህቴ መድኃኒቱን ወደ ቤት መለሰችው። በኋላ ደግሞ ጥቁር እሾህ ያላቸው ብርቱካናማ አባ ጨጓሬዎች ቅጠሉን ሲበሉ አይታ ደነገጠች። ጎረቤቷ አሁንም "ተያቸው" አሏት። ለካ የአንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ ልጆች ናቸው፤ ከዚህ ሐረግ ዘመዶች ሌላ ቅጠል አይበሉም። ሐረጉ ሲጠፋ ቢራቢሮዋም ከግቢው ትጠፋለች።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ ወደ ሙያዬ።

የእኔ ግቢ ሐረግ ጁስ ቤት የምናውቀው ፓሽን ፍሩት ነው። አዎ፣ ብዙዎቻችሁ ጠጥታችሁታል፣ አበባውን ግን አላያችሁትም። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ተማሪዎቼን "ፓሽን ማለት ምን ማለት ነው?" ብዬ ስጠይቃቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ፍቅር ነው ቲቸር!" አሉኝ። አይደለም። እዚህ ላይ ፓሽን ማለት ሕማማት ነው። የጌታ ሕማማት።

የተክሉ አገር አሜሪካ አህጉር ነው፤ ፓሽን ፍሩት የተነሳው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከብራዚልና ከአካባቢዋ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የስፔን ሚስዮናውያን ይሄን አበባ እዚያ ሲያዩት የስቅለት ታሪክ የተጻፈበት መሰላቸው። ዙሪያውን ያለው ክር የእሾህ አክሊል ነው አሉ። አምስቱ መዶሻ መሳዮች አምስቱ ቁስሎች፣ ሦስቱ ከላይ ያሉት ሦስት ችንካሮች፣ ሐረጉ የሚጠመጠምባቸው ጅማቶች የተገረፈበት ጅራፍ። ዐሥሩ የአበባ ቅጠሎች ደግሞ ይሁዳና ጴጥሮስ ሲቀነሱ የቀሩት ሐዋርያት። ስሙ ከዚያ ቀረ፤ የሕማማት አበባ።

ይሄን ለእማማ ነገርኳቸው። ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋቸውን አስቀምጠው ተነሱ፣ ወጡ፣ አበባው ሥር ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ምን አሉኝ መሰላችሁ?

"ፈረንጅ ተሳስቷል።"

"እንዴት እማማ?"

"ችንካሩ ሦስት ነው ያለህ ማነው? ችንካሩ አምስት ነው። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። እነዚህ አምስቱ ናቸው ችንካሮቹ" ብለው መዶሻ መሳዮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩልኝ። እኔ ዝም አልኩ። ትክክል ናቸው እኮ! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ችንካሩ አምስት ነው። ሦስቱንስ ብላቸው "ሥላሴ ናቸዋ!" አሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረጉን የሚነካ የለም። "የችንካር አበባ" ብለውታል። ጎረቤት ሲመጣ ያሳያሉ። የቀረውን ግማሽ በገመድ ወደ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝ ግን እሳቸው ናቸው። እባቡስ? እባቡ ተረሳ።

እና ይሄን ሁሉ የምተርከው ለምንድነው?

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። የምንቆርጠውን ነገር ስሙን ሳንጠይቅ አንቁረጥ። ይሄው ነው። ግን እስቲ ከመስማማታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ "ተፈጥሮን እንውደድ" የሚለው መፈክር አይደለም።

አንደኛው፣ ስሙን መጠየቅ ማለት ሁሉን ነገር መተው ማለት አይደለም። እዚህ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ እንዴት እንደዚያ እላለሁ? ጣና እዚህ ነው። እምቦጭም ሐምራዊ አበባ አለው፤ ያውም ውብ። እሱም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ለውበቱ ብሎ የተወው ሰው ምን እንደደረሰበት የዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባ ጠይቁ። ሕዝቡ ወገቡ እስኪቆረጥ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል። ፓሽን ራሱ ቢሆን በሁሉም አገር ጨዋ አይደለም፤ ሐዋይ ላይ የእሱ ዘመድ የሆነ ሐረግ ጫካውን አፍኖ ትልቅ ችግር ሆኗል። እህቴ ያለችበት የአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ኩድዙ የሚባል ከጃፓን የመጣ ሐረግ አለ። በ1930ዎቹ መንግሥት "አፈር ይይዛል" ብሎ ለገበሬው ገንዘብ እየከፈለ አስተከለው፤ ዛሬ ዛፍና አሮጌ ቤት እየሸፈነ ይሄዳል። የእህቴ ጎረቤት ኩድዙውን ይነቅላሉ፤ የሕማማቱን ሐረግ ይተዋሉ። ሁለቱም ሐረግ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቁት ሁለቱንም በስማቸው ስለሚጠሯቸው ነው።

እንግዲህ አለማወቅ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳን። የሚጠቅመውን ያስቆርጠናል፣ የሚገድለውን ደግሞ "አበባው ያምራል" እያልን ያስተወናል። "አረም" የሚለው ቃል የተክል ስም አይደለም። እኛ ያልፈለግነው ማለት ነው። ጤፍ ራሱ ከዱር ሣር የመጣ ነው። አንድ የጥንት እናት ወይም አባት ጎንበስ ብለው "ይሄስ ምንድነው?" ባይሉ ኖሮ ዛሬ እንጀራ የለም።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ተማሪዎቼ ሁሉ በስም ያውቋቸዋል፤ ለፈተና ይመጣሉ። ግን ምን እንዳደረጉ ልብ በሉ። በ1964 (በፈረንጆቹ) ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ በየአጥሩ የሚንጠላጠል ነገር ነው፤ ሴቶቹ ስሙንም ጥቅሙንም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እሳቸው የጨመሩት ቆም ብሎ መጠየቅን ነው። ከዚያ ተነስተው ነው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰዱት። መጀመሪያ ግን የሴቶቹ ዕውቀት ነበረ። ያ ባይኖር የሚጠየቅም ነገር የለም።

ሁለተኛው የምነግራችሁ ነገር ይከብደኛል፤ ግን እውነቱን ልጻፍ።

አምና መስከረም ትምህርት ቤት ስንከፍት የጽዳት ዘመቻ ነበር። የእኔ ዘጠነኛ ክፍሎች የኋለኛው አጥር ደረሳቸው። "ሁሉንም አጽዱ፣ ምንም እንዳይቀር" አልኳቸው። አንድ ልጅ ነበር፤ ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ለማምጣት በእግሩ የሚሄድ ዓይነት ልጅ። አንድ ቁጥቋጦ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግራዋ ነው" አለኝ።

"እና?"

"እናቴ የጠላ ጋን ታጥብበታለች። ይቅር?"

እኔ ደክሞኛል፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ርዕሰ መምህሩ ሊያዩ ይመጣሉ። ምን አልኩት? "ስሙን ጠየቅኩህ? ቁረጥ ነው ያልኩህ።"

ልጁ ቆረጠው። ሌሎቹ ሳቁበት። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። በዚያ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም።

ጳጉሜ ላይ ማጭዱን መሬት ሳስቀምጥ ያ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ። አስቡት። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሥራዬ ቃላት ነው። ደሞዝ የሚከፈለኝ ልጆች ነገርን በስሙ እንዲጠሩ ነው። አንድ ልጅ አንድን ነገር በስሙ ሲጠራልኝ ግን ዝም አሰኘሁት። ደግሞ የዚያን ዕለት ከሰዓት ገብቼ "ስም ማለት የሰው፣ የእንስሳ፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው" ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ይሆናል!

እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ተክል የምናስተምረው በሥዕል ነው። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል እያልን ሰሌዳ ላይ እንስላለን፤ ውጪ ያለውን እውነተኛውን "ዘመቻ" ብለን እናጭዳለን። የገጠሩ ልጅ ያንን ሁሉ ስም በራሱ ተሸክሞ ይመጣል። ለዚያ ዕውቀቱ አንድ ማርክ የሚሰጠው የለም። እንዲያውም "ገጠሬ" እንዳይባል ቶሎ ይረሳዋል። ስንት ዓመት ደክመን የምናስተምረው አንዱ ነገር መርሳትን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የቤት ሥራ ሰጠሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ከግቢው ወይም ከመንገዱ ዐሥር የተክል ስም ይዞ እንዲመጣ፤ ከስሙ አጠገብ ደግሞ ማን እንደነገረው እንዲጽፍ። የከተማዎቹ ልጆች አብዛኞቹ አምስት ላይ ቆሙ። ጤና አዳም፣ ሬት፣ ጌሾ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ። አንዷ ልጅ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ይዛ መጣች። ግዛዋ፣ ዳማከሴ፣ ሰንሰል፣ ቀጠጥና፣ ክትክታ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ቀጋ፣ እንቧይ፣ ጦስኝ... ማን ነገረሽ የሚለው ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ነው የተጻፈው፤ "አያቴ"። አያትየው ፊደል አልቆጠሩም። ለክፍሉ ስታነበው አንድም የሳቀባት የለም። እኔ በሃያ ዓመት ትምህርቴ ያላገኘሁት መዝገበ ቃላት ነው እፊቴ የተነበበው።

ለዚያ ልጅም፣ አሁን ዐሥረኛ ክፍል ነው፣ አጥሩ ጋ ወስጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ግራዋው ከጉቶው አቆጥቁጧል። "ቲቸር፣ ግራዋ እኮ ብትቆርጠውም ይወጣል" አለኝ እየሳቀ። ያንን ማለቱ ደግነት ይሁን የተክል ትምህርት አልገባኝም።

አንዳንዶቻችሁ "ሰው ስንት ችግር ባለበት አንተ ስለ ሐረግ ትጽፋለህ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ችግር አለ። ግን ይሄ ነገር ብር አይጠይቅም፣ ኮሚቴ አይጠይቅም፣ በጀት እስኪለቀቅ አይጠብቅም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ስልክ አለ አይደል? ፎቶ አንስተህ ስሙን ይነግርሃል" ትላላችሁ። ትክክል። እኔም እንደዚያ አድርጌአለሁ፤ ስልኬ "ፓሲፍሎራ ኤዱሊስ" አለኝ። ጥሩ ነው፣ ከስህተት ያድናል። ግን ስልኩ ሳዶር፣ አላዶር አላለኝም። ስልኩ እናትህ ጋን ታጥብበታለች አላለኝም። የዓለሙን ስም ስልክ ይነግረናል፤ የእኛን ስም የሚነግረን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ያልፋል።

ወደዚያው ልመጣ ነው።

ከእህቴ ጋር ስለ ሐረጉ ስናወራ አንድ ማታ ድንገት "የእናታችን አጥር ላይ የነበረውስ ሐረግ ማን ነበር ስሙ?" አለችኝ። እኛ የተወለድነው ሞጣ አካባቢ ነው። እናታችን የጓሮው አጥር ላይ የምታሳድገው ሐረግ ነበራት፤ ነጫጭ ትንንሽ አበባ ያወጣና ሲደርቅ ጥጥ የመሰለ ነገር የሚሆን። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ታሸትተን ነበር። አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ ዕንባ ያስመጣል። ሽታው እኔም ትዝ ይለኛል፣ እሷም ትዝ ይላታል። አበባው ትዝ ይለናል። እናታችን አጥሩ ጋ ቆማ ስትጠራን ትዝ ይለናል። ስሙ ግን ከሁለታችንም ጠፍቷል።

ብዙ ሞከርን። "በ'እ' ነው የሚጀምረው" አለች እሷ። "አይ፣ በ'አ' ነው" አልኩ እኔ። አንድ ባልደረባዬ "የአዞ ሐረግ ይሆናል" አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ግን እናታችን እንደዚያ አልነበረም የምትለው። እናታችን ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗል። በሕይወት እያለች አንድ ጊዜ ብንጠይቃት በአንድ ቃል ትነግረን ነበር። አንድ ቃል! ሁልጊዜ እዚያው ያለች መስሎን አልጠየቅናትም። ቤቱም ተሸጧል፣ አጥሩም በቆርቆሮ ተቀይሯል። ስልኩ ላይ ዝም ተባባልን። ናሽቪል ቀን ነበር፤ እህቴ ስታለቅስ ሰማኋት።

እሺ፣ የቤት ሥራው ይሄ ነው።

አንድ፦ ዛሬ ከግቢያችሁ ወይም ከምትሄዱበት መንገድ ስሙን የማታውቁትን አንድ ተክል ምረጡና አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ። እናት፣ አባት፣ አያት ያላችሁ መጀመሪያ እነሱን። ስሙን ጻፉት። በአእምሮዬ ይዤዋለሁ አትበሉ፤ እኔም ይዤዋለሁ ብዬ ነበር።

ሁለት፦ መምህራን የሆናችሁ፣ የትኛውንም ትምህርት ብታስተምሩ፣ ከሚቀጥለው የጽዳት ዘመቻ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹን አጥሩ ጋ ውሰዷቸው። "ይሄ ምንድነው?" በሏቸውና ዝም ብላችሁ ስሟቸው። የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይቆረጥ። የሚተወው ላይ ደግሞ በካርቶን ስሙን ጽፋችሁ እሰሩበት።

ሦስት፦ አደራ፣ ያላወቃችሁትን አትብሉ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ። የእህቴ ግቢ ዓይነቱን ሐረግ አሜሪካ ውስጥ ለእንቅልፍ ብለው እንደ ሻይ የሚጠጡት አሉ። የእኛው ፓሽን ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ ቅጠሉና ያልበሰለ ፍሬው መርዝነት አለው። "መምህሩ ፌስቡክ ላይ ጽፎት ነበር" ብላችሁ ቅጠሉን አፍልታችሁ ከእማማ ጋር እንዳታጣሉኝ። ፍሬውን ከፈለጋችሁ ሲበስል ራሱ መሬት ይወድቃል፤ ያኔ አንሱት።

ትናንት ጠዋት የመጀመሪያው ወደቀ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ የእንቁላል ያህል። እማማ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ይጎመዝዛል፤ ስኳር ያስፈልገዋል። ፍሬውን ለመትከል ብዬ ጥቂት አስቀርቻለሁ፤ ለትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር።

ሞጣና አካባቢው ያላችሁ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፦ አጥር ላይ የሚወጣ፣ ነጭ ትንንሽ አበባ ያለው፣ ሲደርቅ ጥጥ የሚመስል፣ ለጉንፋን አሽተው የሚያሸትቱት ሐረግ። ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃችሁ ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ላይክና ሼሩ ይቅርብኝ፣ ስሙን ብቻ። እህቴም እየጠበቀች ነው።

መልካም ሰንበት።